ስታዲየሙ የማን ነው? ስለ ባለጸጋ ችሮታና ስለ ሕዝብ ባለቤትነት

ስፖርት ከኅብረተሰቡ ኑሮ ተነጥሎ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ጨዋታ አይደለም። ሜዳው መሬት ላይ ነው፤ መሬቱም ባለይዞታ አለው። ቡድኑ በገንዘብ ይንቀሳቀሳል፤ ገንዘቡም ከአንድ ወገን ላብ ወይም ከአንድ ወገን ካዝና ይመነጫል። በመሆኑም ስለ እግር ኳስ በተነጋገርን ቁጥር፣ ልብ ብንለውም ባንለውም፣ ስለ ንብረት፣ ስለ ሥልጣንና ስለ ሥራ ፍሬ መነጋገራችን ነው። ዛሬ በዚህ ዐምድ የምናነሣው ጥያቄ ከዚህ መሠረታዊ ሐቅ ይነሣል፦ አንድ ባለጸጋ ወይም ስመ ጥር ሰው ለአንድ ከተማ ስታዲየም ቢሠራ፣ ወይም ክለቡን ገዝቶ ሜዳውን ቢያሰፋ፣ ሰፊው ሕዝብ ባለቤት ሆነ ማለት ነውን?

ይህ የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። በኩታበር፣ በአቀስታና በመካነ ሰላም የሚኖረው ወጣት ከሥራና ከትምህርት በኋላ ገንዘቡን ከፍሎ የእንግሊዝን ጨዋታ በቴሌቪዥን ያያል፤ የቼልሲን ወይም የአርሰናልን መለያ ለብሶ ይከራከራል። እርሱ ራሱ የሚጫወትበት ቦታ ግን አንድም የትምህርት ቤት ግቢ፣ አንድም ከብት የሚሰማራበት መስክ፣ አንድም ነገ ለግንባታ ሊመራ የሚችል ባዶ መሬት ነው። ፍቅሩ ሰፊ፣ ሜዳው ጠባብ የሆነበት ይህ ቅራኔ፣ “ታላቅ ስታዲየም እንሥራላችሁ” የሚል ድምፅ በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ ሳይጠይቅ እንዲያጨበጭብ ያደርገዋል። ጥያቄው መጠየቅ ያለበት ግን ከጭብጨባው በፊት ነው።

የወልዲያ ትምህርት

ለወሎ ሕዝብ የሚቀርበው ምሳሌ በእጃችን ይገኛል። በጥር ወር 2009 ዓ.ም.፣ ከደሴ በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ወልዲያ፣ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዝ ዘመናዊ ስታዲየም ተመረቀ። ከ500 ሚሊዮን ብር በላይ የሆነውን ወጪ የሸፈኑት በወሎ ምድር የተወለዱት ባለጸጋ ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ናቸው። ስታዲየሙ ለሕዝቡ የተሰጠ ስጦታ መሆኑ ተነገረ፤ በስማቸውም ተጠራ። የሕዝቡ ደስታ ታላቅ ነበር፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። ለዘመናት ታላላቅ ግንባታዎች ወደ ሌላ ቦታ ሲሄዱ ያየ ሕዝብ በደጃፉ እንዲህ ያለ ሕንጻ ሲቆም ቢፈነድቅ፣ ያንን ደስታ የሚያጣጥል ጸሐፊ የሕዝቡን ልብ አያውቅም።

ይሁንና ከምረቃው ማግስት የሆነውን እንመልከት። በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. ባለጸጋው ከበርካታ የሳዑዲ ዐረቢያ መሳፍንትና ነጋዴዎች ጋር በሪያድ ተያዙ፤ የተፈቱት በጥር 2011 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ፣ በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ማብቂያ፣ የወልዲያ ቡድን ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ። አንደኛው የሌላው መንስኤ ነው አንልም። ቡድን በብዙ ምክንያት ይወርዳል፤ በዚያው ዓመት በደጋፊዎች መካከል በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት መጥፋቱም የሚያሳዝን ታሪክ ነው። የምንለው ሌላ ነው። የከተማው ሕዝብ ታላቅ ስታዲየም ይዞ በአገሪቱ ታላቁ ሊግ የሚጫወት ቡድን አጣ። ከዚያም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልዲያ ደረሰ፤ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ዘለቀ። ጦርነቱ ባለፈባቸው ከተሞች ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች ተዘርፈው ተገኙ። እንዲህ ባለ ሰዓት አንድ ከተማ ለመድኃኒትና ለመማሪያ ወንበር ገንዘብ ሲፈልግ፣ የስታዲየሙን ሣር ማን ያጠጣል? ጥበቃውን፣ መብራቱን፣ ጣሪያውን ማን ያድሳል?

ሠርግ የአንድ ቀን ነው፤ ትዳር ግን የየዕለት ወጪ ነው። ስታዲየምም እንዲሁ ነው። ሪባን የሚቆረጠው አንድ ጊዜ ሲሆን፣ ሣሩ የሚታጨደው፣ ቧንቧው የሚጠገነው፣ ዘበኛው የሚከፈለው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ሰጪው የመጀመሪያውን ይሸፍናል፤ ሁለተኛው በተቀባዩ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ተቀባዩ በዕቅዱ ላይ ድምፅ ያልነበረው ከሆነ፣ ያላቀደውን ወጪ ተሸካሚ ይሆናል።

ችሮታና ባለቤትነት አንድ አይደሉም

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት የሐሳብ ልዩነት አለ። ችሮታ የሰጪው ፈቃድ ነው፤ ሰጪው ሲፈልግ ይጀምረዋል፣ ሲቸገር ያቆመዋል፣ ሲያልፍም አብሮት ያልፋል። ባለቤትነት ግን የተቀባዩ መብት ነው፤ በሰነድ ይጻፋል፣ በጉባኤ ይወሰናል፣ በሒሳብ መዝገብ ይመረመራል። ችሮታ አመስጋኝ ይፈጥራል፤ ባለቤትነት ኃላፊ ይፈጥራል።

የወሎ ሕዝብ ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም፤ በቅሬው ያውቀዋል። የቅሬ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ የመንደሩ ሽማግሌም ሆነ ትናንት የገባ አባል “የሁላችንም ነው” ብሎ ይመልሳል። ባለ ሱቁም ቀን ሠራተኛውም በደንቡ መሠረት ያዋጣሉ፤ በጉባኤም እኩል ይናገራሉ። ባለጸጋው አባል በራሱ ወጪ አዲስ ድንኳን ቢጨምር ይመሰገናል፣ ይመረቃል፤ ድንኳኑ ግን በቅሬው መዝገብ ይገባል እንጂ ሰውየው ሲኮርፍ ነቅሎት አይሄድም። ለድንኳን ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሕዝብ፣ በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ሕንጻ መዝገብ አያስፈልግም ቢባል እንዴት ይቀበላል?

ከባሕር ማዶ ሁለት ማስረጃዎች

ይህ ጥያቄ በድሃ አገር ብቻ የሚነሣ እንዳይመስለን፣ ወጣቶቻችን መለያውን ወደሚለብሱለት ክለብ እንሻገር። ሩሲያዊው ከበርቴ ሮማን አብራሞቪች እ.ኤ.አ. በ2003 ቼልሲን ገዙ። ክለቡ ዋንጫ በዋንጫ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2017 ስታምፎርድ ብሪጅን 60 ሺህ ተመልካች ወደሚይዝ ስታዲየም የመለወጥ ዕቅድ ፈቃድ አገኘ። በግንቦት ወር 2018 ግን የባለቤቱ የእንግሊዝ ቪዛ እድሳት መዘግየቱ በተሰማበት ሰሞን ዕቅዱ እንዲቆም ተደረገ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 የእንግሊዝ መንግሥት በሰውየው ላይ ማዕቀብ ሲጥል ክለቡ ትኬት እንኳ እንደ ልቡ መሸጥ ተሳነው፤ በግንቦትም በ2.5 ቢሊዮን ፓውንድ ለሌሎች ከበርቴዎች ተሸጠ። የሚሊዮን ደጋፊዎች ክለብ በአንድ ሰው ፓስፖርት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ያን ጊዜ በገሃድ ታየ።

በዚያው ክለብ ውስጥ ግን ተቃራኒውን የሚያስተምር ታሪክም አለ። የስታምፎርድ ብሪጅ መሬት የከበርቴው አልነበረም። ደጋፊዎች አክሲዮን እየገዙ ያቋቋሙት፣ የሜዳው ባለቤቶች የተባለ ማኅበር ከ1990ዎቹ ጀምሮ መሬቱንና የክለቡን ስም በእጁ ይዟል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 ክለቡ መሬቱን መልሶ ለመግዛት ጠየቀ፤ ለዚህም 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልገው ነበር። ያገኘው 62 በመቶ ያልሞላ ስለሆነ ጥያቄው ወደቀ። በዓለም ከታወቁት ቱጃሮች አንዱ፣ ጥቂት አክሲዮን በያዙ ተራ ሰዎች ድምፅ ቆመ። ያስቆመው ሰልፍ አይደለም፤ ጩኸትም አይደለም፤ በሰነድ የተያዘ መሬት ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ የዌልሷ ሬክሳም ናት። ሬክሳም የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች አገር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1934 በአቅራቢያዋ በግሬስፎርድ ማዕድን በደረሰ ፍንዳታ 266 ሰዎች አልቀዋል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የዚያን ቀን የክለባቸውን ጨዋታ ለማየት ሲሉ ፈረቃ የለወጡ እንደነበሩ ይነገራል። እንዲህ ያለው ክለብ በግል ባለቤቶች እጅ ከስሮ ሊጠፋ በተቃረበ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የደጋፊዎች ማኅበር ራሱ ተረክቦ አዳነው። የፊልም ተዋናዮቹ ራያን ሬይኖልድስና ሮብ ማክኤልሄኒ እ.ኤ.አ. በ2021 ክለቡን ሲገዙ፣ በቅድሚያ በማኅበሩ አባላት ፊት ቀርበው ዕቅዳቸውን ማስረዳት ነበረባቸው፤ ከ98 በመቶ በላይ የሆነው ድምፅ ሲደግፋቸው ብቻ ገቡ። ከ2023 እስከ 2025 ቡድኑ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ አደገ፤ ለረጅም ዘመን ተዘግቶ የነበረውን የስታዲየሙን አንድ ወገን አፍርሶ በአዲስ የመገንባት ሥራም ተጀመረ።

ሬክሳም ዝነኛ ባለቤት ሁሉ ክፉ አለመሆኑን ታሳያለች። ይሁንና የሚያስተውል አንባቢ ሌላውንም ያያል። አባላቱ አንድ ጊዜ ድምፅ ሰጥተው ክለቡን ካስረከቡ በኋላ፣ ነገ ተዋናዮቹ ቢሰለቹና ለሌላ ቢሸጡት የዛሬው ድምፅ አይመለስም። ጀርመኖች ይህን አስቀድመው በማሰብ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ከክለቡ ድምፅ ግማሹና አንድ ተጨማሪ በአባላት እጅ እንዲቆይ የሚያስገድድ ደንብ አውጥተዋል። ደንቡ ባለሀብትን አይከለክልም፤ የመጨረሻውን ቃል ይከለክለዋል።

የመንግሥት በጀት ሁሉ የሕዝብ ባለቤትነት ነውን?

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ሰምተው “እንግዲያስ መንግሥት ይያዘው” ይላሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። በአገራችን የሠራተኛው ቡድን ታሪክ ረጅም ነው፤ የድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር ቡድን በ1950ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። ዛሬም አብዛኞቹ ክለቦች በከተማ አስተዳደር በጀትና በመንግሥት ድርጅቶች ገንዘብ ይኖራሉ። ዳሩ ግን የከተማው ነዋሪ ለተጫዋች ዝውውር ስንት እንደ ወጣ ካላወቀ፣ የሥራ አመራሩን ካልመረጠ፣ ከደመወዙ መዋጮ ሲቆረጥ ካልተጠየቀ፣ ክለቡ የሕዝብ ሳይሆን የቢሮክራሲ ነው። ከባለጸጋ ችሮታ ወጥቶ በኃላፊ ችሮታ ሥር መውደቅ ነፃነት አይባልም።

ውጤቱም በዓይን የሚታይ ነው። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን በአዲስ አበባ ስታዲየም 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቡድናችን ያንኑ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ባለሜዳው እኛ ነበርን፤ ሜዳው ግን በማላዊ ሊሎንግዌ ነበር። የባሕር ዳር ስታዲየም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመዘኛ ሳያሟላ በመቅረቱ፣ ቡድኑ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ “የሜዳውን” ጨዋታ በጆሃንስበርግ፣ በሊሎንግዌ፣ በሞሮኮ ኤል ጃዲዳ ሲያደርግ ቆይቷል። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረውና 62 ሺህ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየምም በታሰበለት ጊዜ አልተጠናቀቀም። የጎደለን ኮንክሪት አይደለም፤ ኮንክሪቱ በየክልሉ ቆሟል። የጎደለው የመልበሻ ክፍሉን፣ የመብራቱን፣ የወንበሩን ጉድለት በየወሩ የሚመረምር፣ ለምን አልተሟላም ብሎ የሚጠይቅና መልስ የማግኘት መብት ያለው ባለቤት ነው።

ከሠራተኛውና ከሠፈር ማኅበራት ምን ይጠበቃል?

ከዚህ ትንታኔ ተግባራዊ መደምደሚያዎች ይፈልቃሉ። በማንኛውም ከተማ ስታዲየም ይሠራ ወይም ይስፋ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ የቅሬ፣ የሠፈርና የሠራተኛ ማኅበራት አባላት የሚከተሉትን አስቀድመው ሊጠይቁ ይገባል።

አንደኛ፣ የመሬቱ ይዞታ በማን ስም ነው? ንድፉ ከመቅረቡ በፊት ይዞታው ሕዝቡ በተወከለበት ማኅበር ስም ይጻፍ፤ ያለ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔም እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ በደንብ ይታሰር።

ሁለተኛ፣ ከምረቃው በኋላ ያለው የዓመት ወጪ ስንት ነው፣ ከየትስ ይመጣል? ይህ ያልተመለሰለት ዕቅድ ዕቅድ ሳይሆን ምኞት ነው።

ሦስተኛ፣ መዋጮ የሚጠየቅ ሰው ድምፅም ይሰጠው። ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጠው እያንዳንዱ ብር በፈቃዱ ይቆረጥ፣ በደረሰኝ ይያዝ፣ ሒሳቡም እንደ ቅሬ ሒሳብ በጉባኤ ይነበብ።

አራተኛ፣ ከታላቁ ስታዲየም በፊት ትንንሾቹ ሜዳዎች ይጠበቁ። ሕፃናት የሚጫወቱበት መስክ በየቀበሌው ካርታ ላይ ካልሰፈረ፣ በ25 ሺህ ወንበር መካከል የሚጫወት ልጅ ከየት ይመጣል?

አምስተኛ፣ የሚረዳ ባለጸጋ ወይም ዝነኛ ሰው በክብር ይቀበሉት፤ ነገር ግን በውል ይቀበሉት። ቅን ሰው ውል አያስከፋውም፤ ውል የሚያስከፋው ሰው ካለ ግን የስጦታው ዓላማ ከወዲሁ ታወቀ ማለት ነው።

የኩታበር ወጣት ዛሬ የሰው አገር ክለብ ሲገዛና ሲሸጥ በቴሌቪዥን ይመለከታል። በገዛ ሜዳው ላይ ግን ተመልካች ሊሆን አይገባውም። ባለጸጋ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ኃላፊም ይሾማል፣ ይሻራል፤ የማይሄደው ሕዝቡ ነው። ስለዚህ የማይሄደው መዝገቡን ይያዝ።