የሕያዋን ስም በፈቃድ ነው

ውጭ አገር የሚኖረው ልጄ ምራቁን ለዲኤንኤ ምርመራ ልኮ ኖሮ፣ ባለፈው ክረምት ደወለልኝ። «እማዬ፣ በጉዲፈቻ የሄደች አንዲት ኢትዮጵያዊት ከእኔ ጋር 12 በመቶ ተዛመደች። የዘር ሐረጋችሁን ላኩልኝ ትላለች።»

ይህን ያህል የሚጋሩት ብዙ ጊዜ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ዘመድ ከዘመድ በተጋባበት ቤት ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ የኛ ቤት ግን ሰባት ቤት ቆጥሮ ነው የሚጋባው። ነገሩ ከወንድሞቼና ከእህቶቼ የሚያልፍ አልመሰለኝም።

አገራችን በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን እስክትከለክል ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ሄደዋል። የአባት ስም በየትውልዱ ስለሚቀየር በስም ዘመድ መፈለግ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ዝም ልንላቸው አይገባም።

ሆኖም የታማሚን ካርድ ለሌላ ሰው እንዳላሳይ ተምሬ ነው ያረጀሁት። ልጄን «የሞቱትን አያቶችህን ስምና የትውልድ ቦታ ላክላት። በሕይወት ያሉትን ግን እስክንጠይቅ ታገሺን በላት» አልኩት።

ከዚያ ሸዋ በር አጠገብ ወደምትኖረው እህቴ ሄድኩ። ሰው እስኪወጣ ጠብቄ፣ «አንዲት ልጅ ዘመድ ትፈልጋለች» ብቻ አልኳት።

ስኒዋን አስቀመጠች። «ደህና ናት?» አለችኝ።

ስሟን ለመላክ ሁለት ወር ፈጀባት፤ አልቸኮልኩባትም። የላከችውም ራሷ ናት።

እናንተም እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳችሁ፣ ከመላካችሁ በፊት ባለቤቱን ለብቻው ጠይቁ። እኔም ይህን ጽሑፍ የሰጠሁት ለእህቴ አንብቤላት፣ እሺ ካለችኝ በኋላ ነው።