ክዳኑን ከፍታችሁ ታውቃላችሁ?

ጓሯችሁ ወይም ጣሪያችሁ ላይ ያለው የውሃ ሮቶ ለመጨረሻ ጊዜ የታጠበው መቼ ነው? ባለፈው ወር እናቴ ይህንኑ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ። የስምንት ወር ልጃችን ጡጦ የሚታጠበው በዚያ ውሃ ነው፤ ቤቱን ከተከራየን ደግሞ አራት ዓመታችን። ባለቤቴ መሰላል አቁሞ ክዳኑን ሲከፍት ውሃው ኩልል ያለ ነው። ጎኑን በእጁ ሲዳስሰው ግን ያሟልጫል።

ሥራዬ ማስታወቂያ ነው፤ «ጥርት ያለ ውሃ» ብሎ መጻፍ እንዴት እንደሚቀል አውቃለሁ። የጠራ ሁሉ ግን ንጹህ አይደለም።

ባክቴሪያ ውሃ ውስጥ ብቻውን ሲንሳፈፍ ክሎሪን በቀላሉ ይገድለዋል። ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ከሌሎች ጋር ሆኖ ዝልግልግ ሽፋን ይሠራል፤ ባዮፊልም ይባላል። ክሎሪኑ የላይኛውን ንብርብር ሲመታ እዚያው ያልቃል፤ ከሥር ያሉት ይተርፋሉ። እርስ በርሳቸውም ሰላም የላቸውም። ባለችው ትንሽ ምግብ ይሻማሉ፤ አንዳንዶቹ ጎረቤታቸውን የሚገድል ኬሚካል ያመነጫሉ። አሜባዎች ደግሞ ይበሏቸዋል። ሌጅዮኔላ ግን አሜባው ውስጥ ሳይሞት ይራባል። ይህ ባክቴሪያ ከሻወር ከሚነሳው ርጭት ጋር ሳንባ ሲገባ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ጤነኛን ሰው አይጎዱም፤ ጨቅላ፣ አዛውንት ወይም ታማሚ ያለበት ቤት ግን መጠንቀቅ አለበት።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የግድ ነው። ውሃው በቆየ ቁጥር ግን ክሎሪኑ እየቀነሰ ይሄዳል። በረኪና ጠብ ማድረግም ብቻውን አይበቃም፤ መጀመሪያ ግድግዳው መፈግፈግ አለበት።

ውሃ የሚመጣበት ቀን ሲደርስና ሮቶው ሲጎድል ጀምሩ። የቀረውን አፍስሱ፣ ጎንና ታቹን በብሩሽ ፈግፍጉ፣ ዝቃጩን አውጡ። ከዚያ ሙሉትና ለ1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ሽቶ የሌለው 5 በመቶ በረኪና ጨምሩ። ቧንቧዎቹን ሁሉ የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ከፍታችሁ ዝጉ፤ 24 ሰዓት ይቆይ። ይህ ውሃ አይጠጣም፤ ሙሉ በሙሉ ደፍታችሁ አለቅልቁ። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ክዳኑም ግጥም ብሎ ይዘጋ።

ለሕፃን የሚሆን ውሃ እስከዚያው ይፈላ። አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

እኛ የታጠበበትን ቀን ክዳኑ ላይ በማርከር ጽፈናል፤ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታደሳል። የእናንተስ ላይ ምን ተጽፏል?