ዐዋጁ ግቢያችን በር ላይ ቆሟል



ባለፈው ሚያዝያ 23 ቀን፣ የዓለም ሠራተኞች ቀን በተከበረ ዕለት፣ ጎረቤቶቼን ቡና ጠርቼ ስለ ሠራተኛው መብት ስንከራከር ዋልን። አንዱ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ አንዷ ባንክ ትሠራለች፤ እኔ ጡረተኛ ነኝ። በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156ን አንሥተን ጣልነው። ቡናውን የቆላችው፣ የወቀጠችውና ሲኒውን ያጠበችው ልጅ ግን በዚያ ቀንም ሥራ ላይ ነበረች። በዓሉ ለእሷ በዓል አልነበረም። ይህን ያስተዋልሁት እንግዶቼ ከሄዱ በኋላ ነው፤ እውነቱን ለመናገር አፈርሁ።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ይህ ዐዋጅ የ1996ቱን ዐዋጅ ቁጥር 377 ሲተካ ለሠራተኛው የሰጠውም የወሰደበትም ነገር አለ። የወሊድ ፈቃድ ከ90 ወደ 120 ቀን ከፍ ብሏል። ሚስቱ ለወለደች አባት 3 ቀን ከነደመወዙ ተፈቅዶለታል። የመጀመሪያው ዓመት ዕረፍትም ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን አድጓል። በሌላ በኩል የሙከራ ጊዜው ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን ረዝሟል፤ ዱሮ በየዓመቱ ይጨመር የነበረው አንድ የዕረፍት ቀንም አሁን በየሁለት ዓመቱ ሆኗል። ጎረቤቶቼ የተከራከሩት በዚህ ነው፤ ክርክሩም ተገቢ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለማን ነው? ለፋብሪካው፣ ለሆቴሉ፣ ለሱቁና ለማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ነው። በየቤታችን የምትሠራዋን ዐዋጁ ከወሰኑ ውጭ ትቷታል፤ የእሷን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አውጥቶ ይወስናል ብሎ አልፏል። የ1996ቱም ያንኑ ብሎ ነበር። 15 ዓመት ተጠብቆ ያው ቃል ተደገመ ማለት ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለሌላው ሠራተኛ ሕጉ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ብሎ ወስኗል። እኔ ቤት ያለችው ልጅ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሣለች፤ የምትተኛው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። የምታርፍበትን 2 ሰዓት ብንቀንስ እንኳ በቀን 15 ሰዓት ይመጣል። በሰባት ቀን 105 ሰዓት! ሕጉ ለሌላው ከወሰነው ከእጥፍ በላይ ነው። አሠሪዋ ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔው ነኝ።

«እኛ እኮ እንደ ልጃችን ነው የምናያት» የምንል ብዙዎች ነን። ልጃችን ከሆነች እሑድ የት ትውላለች? ስትታመም ማን ያስታምማታል? ትምህርቷስ የት ደረሰ? «ደመወዛችን ለራሳችንም አልበቃን» የሚልም አለ። ይህም እውነት ነው፤ ኑሮው ለማናችንም አልቀለለም። ሆኖም ዕረፍት መስጠት ገንዘብ አይጠይቅም። እሑድ ወጡን እኛው ብንሠራ የሚጎድልብን ነገር የለም።

ስለዚህ ደንቡ እስኪወጣ ሳንጠብቅ በሠፈራችን ስምምነት የሚከተለውን እንድናደርግ ሐሳብ አቀርባለሁ፤

1ኛ/ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ትረፍ። ሌላው ሠራተኛ 24 ሰዓት ሳይቋረጥ ማረፍ በሕግ ተፈቅዶለታል፤ እሷም ሰው ናት።

2ኛ/ ደመወዟ ቀኑ ሳያልፍ በራሷ እጅ ወይም በራሷ የባንክ ደብተር ይግባ፤ ለደላላም ለዘመድም አይሰጥ።

3ኛ/ ዕድሜዋ 15 ዓመት ያልሞላ ልጅ አንቅጠር። ዐዋጁ ለሌላው ሥራ ዝቅተኛውን ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጎታል።

4ኛ/ የማታ ትምህርት መማር የምትፈልግ ትማር፤ በዚያ ሰዓት እንጀራ ጋግሪ አይባል።

5ኛ/ ስንለያይ ቀደም ብለን እንንገራት፤ በምሽት ሻንጣዋን ይዛ መንገድ ላይ አትቁም።

ይህ የግሌ አስተያየት ነው። የምትቃወሙ ካላችሁ በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ተነሡና ተናገሩ፤ ሰምቼ እማራለሁ። እኔ ግን ካለፈው እሑድ ጀምሮ ቡናዬን ራሴ አፍልቼ ጠጥቻለሁ። መጀመሪያ ቀን ገነፈለብኝ፤ አሁን እየለመድሁት ነው።

ከነዋሪዎች አንዱ