ሳይፈርም ዋስ የሆነው ካህን

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ብራንስዊክ ከተማ የሚገኘው የቅዱስ አምብሮስ ካቶሊክ ደብር ሕንፃውን በሚያሳድስበት ጊዜ ለሥራ ተቋራጩ በየወሩ ይከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ተቋራጩ ስልክ ደውሎ የሁለት ወር ክፍያ እንዳልደረሰው ተናገረ። ደብሩ ግን ከፍሏል። 1.75 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገንዘብ መላኩን ባንኩም አረጋግጧል። ጉዳዩ ሲመረመር የደብሩ ኢሜይል በሌቦች እጅ መግባቱ ታወቀ። ሌቦቹ ተቋራጩ ባንክ የቀየረ አስመስለው አዲስ የሂሳብ ቁጥር ሰጡ፤ ገንዘቡም ወደዚያው ሄደ። ነገሩ ሲነቃ ሂሳቡ ባዶ ሆኗል።

ይህን የሰማ ነጋዴ «የቤተ እምነት ሰዎች የዋሆች ናቸው፣ እኛን ግን ማን ያታልለናል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። የተሰረቀው ከየዋህነት ሳይሆን ከመተማመን ነው። መተማመን ደግሞ ነጋዴው ራሱ በየቀኑ የሚሠራበት ካፒታል ነው።

በገበያ ውስጥ መተማመን ወጪ ይቀንሳል። የሚተዋወቁ ሰዎች ያለ ጠበቃና ያለ ውል ማረጋገጫ ይበዳደራሉ፤ በስልክ ዋጋ ቆርጠው ዕቃ ይጭናሉ። የአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ የአንድ መስጊድ ወይም የአንድ ምኩራብ ሰዎች ይህን ካፒታል በብዛት ይዘዋል። አጭበርባሪ ወደ እነርሱ የሚያመራው ለዚህ ነው። አንድን ሰው ለማሳመን ወራት ከሚደክም ይልቅ ሁሉም የሚያምነውን አንድ ስም ቢሰርቅ ይቀለዋል።

አሠራሩ እንደ ገንዘቡ መጠን ይለያያል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ምዕመናንን ያስጠነቀቀበት ዘዴ በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ነው። ኢሜይሉ በፓስተሩ፣ በቄሱ፣ በራቢው ወይም በኢማሙ ስም ይመጣል። ስሙ ትክክለኛ ነው፤ አድራሻው ግን አንድ ፊደል ወይም አንድ ነጥብ ይለያል። «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ስልክ ማንሳት አልችልም፣ ለታመሙ ሰዎች የስጦታ ካርድ ግዛልኝ፣ ቁጥሩን ፋቅና ላክልኝ» የሚል ይዘት አለው። የካርዱ ቁጥር ከተላከ በኋላ ገንዘቡን ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት የናይጄሪያ ወንጀል ሕግ አንቀጽ ቁጥርን ወርሶ «419» በመባል የታወቀው ነው። በሞት አፋፍ ላይ ያለች ባል የሞተባት ክርስቲያን ሴት ሚሊዮኖቿን ለእግዚአብሔር ሥራ ልታወርስ እንደምትፈልግ ትጽፋለች። ተቀባዩ አስቀድሞ የጠበቃና የባንክ ወጪ እንዲከፍል ይጠየቃል። ከከፈለ ሌላ ወጪ ይከተላል። ውርሱ ግን አይመጣም።

ነገሩ ከኢሜይል በፊትም ነበረ። ኒው ኤራ የሚባለው የፊላዴልፊያ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስማቸው የማይገለጽ ባለጸጎች ገንዘባችሁን በስድስት ወር እጥፍ ያደርጉላችኋል እያለ ከክርስቲያን ድርጅቶች፣ ከኮሌጆችና ከሙዚየሞች ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1995 ከሰረ። መሥራቹ በ1997 የ12 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ገንዘባቸውን የሰጡት ሒሳብ የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። ከእነርሱ በፊት የገቡት የታመኑ ሰዎች ስለነበሩ ግን ቀጥሎ የመጣው ሰው መዝገብ ገልጦ ማየት አላስፈለገውም።

እንግዲህ በሁሉም ውስጥ የሚታየው አንድ ነገር ነው። ቄሱ፣ ኢማሙ ወይም ወዳጅ ማኅበሩ ሳያውቅና ሳይፈርም ዋስ ሆኗል። ገንዘብ ከፋዩ የሚያየው ዋሱን እንጂ ተበዳሪውን አይደለም።

የዚህ መድኃኒት ከውጭ የሚመጣ አይደለም። ዕቁብ ውስጥ ያለ ነው። የዕቁብ አባላት ለዓመታት የሚተዋወቁ፣ በለቅሶና በሠርግ የማይለያዩ ሰዎች ናቸው። ሆኖም ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። «አላመናችሁኝም ወይ» ብሎ የሚቀየም የለም። ዕቁቡ እየተማመነ የሚዘልቀው ዋስ ስለሚጠራ ነው። መተማመኑ ለወዳጅነቱ ነው፤ ለገንዘቡ ሥርዓት አለው።

በኢሜይል ዘመን ዋስ መጥራት ማለት ስልክ መደወል ነው። ያውም በኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ቀድሞ በሚታወቀው ቁጥር ነው። የሂሳብ ቁጥር ተቀየረ የሚል መልእክት ሲመጣ ሁለት ሰው ሳያይና ሳይፈርም ገንዘብ አይውጣ። በውጭ አገር ሕንፃ ለመግዛት ከምዕመናን መዋጮ የሚሰበስቡ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ይህን ደንብ አስቀድመው ቢያጸድቁ ይበጃል። የአገልጋዮቻቸው ስም በድረ ገጽና በየማስታወቂያው ላይ ተጽፎ የሚገኝ ስለሆነ ለማንም ክፍት ነው።

የመርካቶ አስመጪም ከዚህ ውጭ አይደለም። ከዱባይ ወይም ከጓንግዡ ደንበኛው የመጣ ፕሮፎርማ ላይ አዲስ የባንክ ሂሳብ ቢያይ፣ በቲቲ ከመላኩ በፊት ደንበኛውን ማነጋገር አለበት። የአሜሪካ ኤፍ ቢ አይ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ እንዲህ ባለ የንግድ ኢሜይል ማጭበርበር ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ሪፖርት እንደደረሰው ገልጿል።

ከማጭበርበሩ የማይተናነስ ጉዳት የሚያደርሰው ዝምታ ነው። የተታለለ ሰው ያፍራል። የማኅበር መሪ ደግሞ «ምዕመኑ ይሰናከላል» ብሎ ይደብቃል። በዚህ መካከል ባንኩ ገንዘቡን ሊያግድ የሚችልባቸው ጥቂት ሰዓታት ያልፋሉ፤ ያው ኢሜይል ለሚቀጥለው ደብር ይላካል። የቅዱስ አምብሮስ ደብር ግን የደረሰበትን ለምዕመናኑ በደብዳቤ አስታውቋል። በዚህም ሌላው ደብር እንዲጠነቀቅ ረድቷል። በኢትዮጵያም ቢሆን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ሕጉ ሊሠራ የሚችለው ግን ተበዳዩ ሲናገር ነው።

ዛሬ አንድ ስልክ የሚደውል ገንዘብ ያዥ ነገ በጉባኤ ፊት ቆሞ የጠፋውን ገንዘብ ከማስረዳት ይድናል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።