የተባለው ደመወዝና የተከፈለው ደመወዝ



እንደሚታወቀው በመንደራችን አንድ ልጅ ሥራ ሲያገኝ ደስታው የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ «እሰይ፣ ራሱን ቻለ» ይባላል። ወሩ ሲያልቅ ግን ከዚያው ቤት ሌላ ድምፅ እንሰማለን፤ «የተባልኩት ሌላ፣ የተከፈለኝ ሌላ» የሚል። ይህ አቤቱታ ወደ ማኅበራችን ደጋግሞ ስለመጣ በዚህ ሰሌዳ ላይ አሳባችንን መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አንዱን እንጥቀስ። የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ በአንድ ዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ሆና ተቀጠረች። ያነጋገራት ሰው «ደመወዙ 6,000 ብር ነው» አላት። እሷም «እሺ» ብላ በነጋታው ሥራ ጀመረች። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። በወሩ መጨረሻ እጇ የገባው 3,900 ብር ሆነ። ብትጠይቅ «ገና የሙከራ ጊዜ ላይ ነሽ፤ አርፈሽ ሥሪ» ተባለች።

እናትየው ጎረቤት ብታማክር ምክሩ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ሥራ መቼ ይገኝና ነው? ዝም ትበል፤ ዝም አይነቅዝም» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ጥላላቸው ትውጣ!» አለ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ልክ አይደሉም። ዝም ያለ ሰው በሚቀጥለው ወርም ይቀነስበታል፤ በንዴት ጥሎ የወጣም ብዙ ጊዜ የሠራበትን ገንዘብ ትቶ ይወጣል። ከሁሉ በፊት ሒሳቡን ማየት ያስፈልጋል።

ይህን በመገንዘብ በሒሳብ ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ የመንደራችን አባት ልጅቷን አስቀምጠው አብረው አሰሉ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ያንቺን ስህተት እንይ» ብለው ጀመሩ። 6,000 ብሩ ያልተጣራ ደመወዝ ከሆነ ሙሉው እጅ አይገባም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት 700 ብር፣ ለጡረታ ደግሞ 7 በመቶ፣ ማለትም 420 ብር ይቆረጣል። ስለዚህ ሊደርሳት የሚገባው 4,880 ብር ነው። ሲቀጠሩ «የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ?» ብሎ አለመጠየቅ የእኛው ጥፋት ነው።

የጎደለው 980 ብርስ የት ገባ? የደመወዝ መክፈያ መዝገቡን አሳዩኝ ብላ ስትጠይቅ ነገሩ ወጣ። 660 ብሩ አሠሪው ከራሱ ኪስ ሊያዋጣው የሚገባው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሆኖ ሳለ በእሷ ላይ ተጭኗል። የቀረው 320 ብር «የደንብ ልብስ» ተብሎ ተቆርጧል። እንዲቆረጥባት ግን የፈረመችው ነገር አልነበረም።

ነዋሪዎች ሆይ፣ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ የጠበቃ ሥራ ብቻ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መደረግ አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። ሙከራ ላይ መሆን በራሱ የተስማሙበትን ደመወዝ ለመቁረጥ ምክንያት አይሆንም። ውሉ በቃል ቢሆን እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የፈረመበትን የጽሑፍ መግለጫ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ አለመስጠቱም የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። ከደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው። የመክፈያ መዝገቡንም ሠራተኛው ሲጠይቅ ማሳየትና ማስረዳት የአሠሪው ግዴታ ነው።

አንድ ነገር በተለይ እናሳስባለን። የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ቆይ፣ ትንሽ ልታገሥ» ሲሉ ስድስት ወር የሞላባቸው አሉ። ስለዚህ በቅድሚያ በትሕትና መጠየቅ፣ ቀጥሎ በጽሑፍ መጠየቅና ቅጂውን ማስቀረት፣ መልስ ከጠፋ ደግሞ ጊዜው ሳያልፍ ወደ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ነው። መቼ እንደተቀጠሩ፣ ማን ስንት ብር እንዳለ፣ በየወሩ ስንት እንደተከፈለ በደብተር ይያዝ። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

ልጅቷስ ምን ሆነች? ደብዳቤ ጽፋ በሰጠች በሁለተኛው ወር 660 ብሩ «የሒሳብ ስህተት ነው» ተብሎ ተመለሰላት። 320 ብሩ እስካሁን አልተመለሰም። ሥራዋ ላይ ግን ናት፤ ጥያቄዋንም አልተወችም።

እዚህ ላይ ብናበቃ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን በሌላው ላይ ጣት ስንቀስር የራሳችንን ደጅ መርሳት የለብንም። አምና የመንደራችንን የሌሊት ዘበኛ ስንቀጥር በወር 5,000 ብር እንከፍላለን ብለን ነበር። ሦስት ወር 4,200 ብር ብቻ ሰጠናቸው። ለምን? መዋጮ ያልከፈሉ ቤቶች ስለነበሩ ነው። እኛም «ገንዘብ ሲሰበሰብ እናሟላለን» አልን፤ አላሟላንም። እሳቸው በክረምቱ ዝናብ አንድ ሌሊት እንኳ አልቀሩም። ታዲያ እኛ ከዚያ ዳቦ ቤት በምን ተሻልን? የመዋጮ መጓደል የእኛ የማኅበሩ ችግር እንጂ የዘበኛው ዕዳ አይደለም።

በየቤታችን ያሉ የቤት ሠራተኞችም ነገር እንዲሁ ነው። ከገጠር ስትመጣ «ይህን ያህል እንከፍልሻለን» የተባለች ልጅ ብርጭቆ ሰበርሽ፣ ታመሽ ተኛሽ እየተባለ ወሩ ሲያልቅ ይጎድልባታል። አዋጁ በግል ቤት የምትሠራውን እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ አይሸፍናትም። ሕጉ በሚገባ ካልደረሰላት ኅሊናችን ሊደርስላት ይገባል። ለልጃችን ያልወደድነውን በሰው ልጅ ላይ ማድረግ ነውር ነው።

በመሆኑም የሚከተለውን እናቀርባለን። አንደኛ፣ የዘበኛው ቀሪ 2,400 ብር ከሚቀጥለው መዋጮ በፊት፣ ከማኅበሩ ገንዘብ ይከፈል። ሁለተኛ፣ ያልከፈላችሁ ቤቶች እስከ ወሩ 5ኛ ቀን ክፈሉ፤ ስም በሰሌዳ ላይ መለጠፍ አንወድም፣ አታስገድዱን። ሦስተኛ፣ ልጁ ሥራ የጀመረለት ወላጅ ልጁን በእሑዱ ስብሰባ ማብቂያ ላይ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ይላክ፤ የሚያስፈልገውን ወረቀት የሚጽፉና ሒሳብ የሚያዩ አባቶችና እናቶች አሉን። ዋጋው አንድ ስኒ ቡና ነው።

የተናገርነውን እንክፈል፤ የተነገረንንም እንጠይቅ።