ዋጋው የማይሰማበት ሱቅ

በጉሊት ዋጋ በአፍ ይነገራል። ማየት የተሳነው ሸማች ሽንኩርቱን ጨብጦ ጥንካሬውን ይለያል፣ በርበሬውን ያሸታል፣ ተከራክሮ ያስቀንሳል። ሱፐርማርኬት ሲገባ ግን ያው ሰው የሌላ ሰው ጥገኛ ይሆናል፤ ሁሉም ነገር የታሸገ፣ ዋጋውም የመጠቀሚያ ጊዜውም በደቃቅ ጽሑፍ የሰፈረ ነውና። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ ይነሳል፦ ግብይቱን የሚያከብደው የዓይን ጉዳት ብቻ ሳይሆን የሱቁ አደረጃጀት ነው።

«ረዳት ይዞ ይምጣ» የሚሉ አሉ። ረዳት መልካም ነው፤ ሆኖም የሚስጥር ቁጥርን ለሌላ ሰው መንገር፣ የግል መድኃኒትን በሰው አፍ መጠየቅ ዓይናማው ለራሱ የማይፈቅደው ነው። ስልክ ጽሑፍ ማንበቡም እውነት ነው፤ ግን ካሜራው ጽሑፉን እስኪያገኝ ጠርሙሱን ደጋግሞ ማዟዟር ያሻል። የካርድ ማሽኑ ልሙጥ መስታወት ከሆነማ ጣት 5 ቁጥር ላይ የምትዳሰሰውን ነጥብ ያጣታል። በማሸጊያ ላይ ብሬል መጻፍ ወጪው ይከብዳል ለሚሉ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የመድኃኒት ስም በማሸጊያው ላይ በብሬል እንዲጻፍ አስገድዷል። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። ብሬል የማያነብ ብዙ ነው መባሉ ልክ ነው፤ ለእሱ ገንዘብ ተቀባዩ ዋጋውን ጮክ ብሎ ይናገር፣ መልሱንም ኖት በኖት እየጠራ ያስረክብ። ይህ አምስት ሳንቲም አያስወጣም።