እረኛ ምን አለ?

በጥንት ጊዜ ንጉሡም ሆነ ባላባቱ የአገሩን ስሜት ለማወቅ ሲፈልግ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር ይባላል። አባባሉ እስከ ዛሬ ድረስ ከአፋችን አልጠፋም። ግን ጥያቄው ስለምን ለእረኛ ሆነ? መኳንንቱ፣ ካህናቱና ነጋዴዎቹ ሁሉ ሳሉ፣ ከብት ሲጠብቅ የሚውል ልጅ ምን ቁም ነገር ይናገራል ተብሎ ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እረኛ የሚሻርበት ሹመት ስለሌለው ያሻውን ያንጐራጉራል። ሁለተኛውና ዋናው ግን፣ እረኛ የሚናገረው በዓይኑ ያየውን መሆኑ ነው። ዝናቡ መዘግየቱን፣ ሣሩ መድረቁን፣ ጭቃ ሹሙ ያለ አግባብ የማንን በሬ እንደ ነዳ ከሜዳው ላይ ሆኖ ይመለከታል። ስለ ሩቅ አገር ነገሥታት ማንም አይጠይቀውም፤ ቢጠይቁትም አያውቅም።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ እረኛውም፣ ተማሪውም፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛም በኪሱ ስልክ ይዞ ይዞራል። የዓለም ወሬ በሙሉ ከመዳፉ ላይ ይደርስለታል። ስለ ማንኛውም ነገር «ሐሳብህ ምንድን ነው?» ቢሉት መልሱ የተዘጋጀ ነው። ይህም ክፉ ነገር አይደለም፤ ወጣት ሐሳብ ከሚያጣ ሐሳብ ቢበዛበት ይሻላል። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ሐሳብ ውስጥ ስንቱ የእረኛ ሐሳብ ነው? ማለት፣ ስንቱ በዓይን ከታየ ነገር የመነጨ ነው? ዛሬ ከእናንተ ጋር ልወያይ የፈለግሁት ስለዚሁ ነው።

ነገሩ በደመና ላይ እንዳይቀር አንድ ከተማ እንምረጥና በዚያ እንነጋገር። ካቺሲ ትሁን። ካቺሲን ለማያውቁ አንባቢያን ላመልክት፤ በምዕራብ ሸዋ የግንደበረት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚሄድ ሰው ጊንጪ ሲደርስ ወደ ሰሜን ይታጠፍና በጀልዱ በኩል አልፎ ይደርስባታል። ከዚያ ወዲያ አገሩ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ጐጃም ነው። የአገሩ ሰው ወሬን «ኦዱ» ይለዋል። ኦዱ ደግሞ እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ በሻይ ቤት፣ በገበያና በጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለዋወጣል።

መጀመሪያ ከጨዋታው ልጀምር። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ በማንኛውም የአገራችን ትንሽ ከተማ የእንግሊዝ እግር ኳስ የሚታይበት ቤት ይሞላል። በዚያ የሚቀመጥ የ18 ዓመት ልጅ፣ አርሴናል እ.ኤ.አ. በ2003 ጀምሮ በ2004 ባለቀው የውድድር ዘመን 38 ጨዋታ ተጫውቶ፣ 26ቱን አሸንፎ፣ በ12ቱ አቻ ወጥቶ፣ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ዋንጫ መውሰዱን፣ እሱ ገና ያልተወለደበትን ዘመን፣ እንደ ትናንት ነገር አድርጎ ይተርክላችኋል። ይህን አልነቅፍም። ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲደክም ውሎ በአንድ ኳስ ቢደሰት ምን ነውር አለው? ኳስ ለአገራችንም ባዕድ አይደለም፤ በ1954 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣን ሰዎች ነን። ግን ያንኑ ልጅ «የከተማህ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ በማን ስም ተመዝግቧል? የሚመጣው ዓመትስ በቦታው ይኖራል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ምን ይመልስላችሁ ይሆን?

ሜዳ ተራ ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር ወደ ጊንጪ ይመልከት። በኅዳር 2008 ከዚያች ከተማ የተነሣውና በኋላ ኦሮሚያን ሁሉ ያዳረሰው የተማሪዎች ተቃውሞ፣ መነሻው የከተማው የኳስ ሜዳና የአካባቢው ደን ጉዳይ ነበር። ልጆቹ የተናገሩት በየቀኑ ስለሚረግጡት መሬት ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ካለው ከጀልዱ የወጣው ሯጭ ፈይሳ ሌሊሳ ደግሞ፣ በነሐሴ 15 ቀን 2008 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ኦሊምፒክ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ፈጽሞ ሁለተኛ ሲወጣ፣ በመጨረሻው መሥመር ላይ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ የተቃውሞ ምልክት አሳየ። በድርጊቱ የተስማማም ያልተስማማም ነበረ። ነገር ግን ማንም ሰው «ይህ ሰው የማያውቀውን ይናገራል» ሊለው አልቻለም። የተናገረው ስለ ተወለደበት አገር ነውና። ለሐሳቡም ዋጋ ከፍሏል፤ እስከ ጥቅምት 2011 ድረስ፣ ከሁለት ዓመት በላይ፣ ከአገሩ ርቆ ኖረ። ታዲያ የአርሴናልን የ1996 ውጤት በቃሉ የሚያውቅ የካቺሲ ልጅ ይህንን ሰዓት ያውቀዋል ወይ? ጀልዱ እኮ ጎረቤቱ ናት።

ከጨዋታ ወደ ትልቁ ወሬ ልለፍ። የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ሥራ መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። 5,150 ሜጋዋት ኃይል እንዲያመነጭ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው። ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ከወር ደመወዛቸው ቦንድ ገዝተውበታል፤ ስለዚህ መደሰትና መኩራት መብታቸው ነው። በሻይ ቤቱ ወሬው ሁሉ ስለ ካይሮና ስለ ካርቱም ነው፤ እዚያ ስለሚባለው ሁሉም የሚለው አለው። ዓባይ ግን ለግንደበረት ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ከደጁ በታች የሚሄድ ወንዝ ነው። ጉደርም ሙገርም ከሸዋ ደጋ ወርደው የሚገቡት ወደዚሁ ወንዝ ነው። በክረምት ውሃው የሚደፈርሰው በምን ይመስላችኋል? በማሳችን አፈር ነው። ያ አፈር ሁለት ጊዜ ይጐዳናል። አንድ ጊዜ ከገበሬው ማሳ ሲጠፋ፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ በግድቡ ሐይቅ ወለል ላይ ሲተኛ። እንግዲህ የግብርና ጽሕፈት ቤት ወጣት ሠራተኛ ስለ ካይሮ አቋም የሚሰጠው አስተያየት ካይሮ አይደርስም። «በዚህ ቀበሌ ባለፈው ዓመት የተሠራው እርከን ይህን ያህል ነበር፤ ዛሬ የቆመው ይህን ያህል ነው» ብሎ የሚጽፈው ግን ለግድቡም ለገበሬውም ይጠቅማል። ይህን ሊጽፍ የሚችለውም ተራራው ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ተማሪዎችን ወደሚያመው ነገር ልምጣ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት ተፈታኞች በ2014ቱ ፈተና ከመቶ 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ውጤቱ በወጣ ቁጥር አስተያየቱ እንደ ክረምት ጐርፍ ይወርዳል። «ተማሪው ሰነፈ» ይላል አንዱ። «ስልክ አጠፋው» ይላል ሌላው። «መምህሩ አላስተማረም» የሚልም አለ፤ «ድሮስ ቢሆን በኩረጃ ነበር የሚታለፈው» የሚልም አይታጣም። ምናልባት ሁሉም ውስጥ ጥቂት ጥቂት እውነት ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ስለ አገሪቱ ተማሪ በጠቅላላው የሚባል ነው። ስለ አንዲት ትምህርት ቤት፣ ስለ እናንተዪቱ፣ ሲነገር ብዙ አይሰማም።

ስንት ተማሪ ተቀመጠ? ስንቱ አለፈ? የፊዚክስ መምህር በክፍሉ የገባው ከስንተኛው ወር ጀምሮ ነው? አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ለስንት ልጅ ነው? ቤተ መጻሕፍቱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይከፈታል ወይስ ቁልፉ ከአንድ ሰው ኪስ ገብቶ ይቀራል? አብረዋችሁ 9ኛ ክፍል ከጀመሩት ልጃገረዶች ውስጥ ስንቱ 12ኛ ክፍል ደረሱ? ያልደረሱትስ የት ቀሩ? እነዚህን ለመመለስ ሚኒስትር መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ደብተርና አንድ ሳምንት ይበቃል። መልሱን ይዞ በወላጆች ስብሰባ ላይ የሚነሣ ልጅ «ትምህርት ወድቋል» ብሎ ከሚጮኸው ይልቅ ይደመጣል። «ቤተ መጻሕፍቱ ባለፈው ወር የተከፈተው አራት ቀን ብቻ ነው» ሲባል ርዕሰ መምህሩ መልስ መስጠት ግድ ይሆንበታል። ለጠቅላላ ክስ ግን ጠቅላላ መልስ ተሰጥቶት ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ለወጣት ሠራተኞችም አንድ ቃል አለኝ። እናንተ ይህን ወንዝ ተሻግራችሁ ከዚያኛው ዳር የቆማችሁ ናችሁ። በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት ወስዳችሁ ለአሥር ልጆች ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ ብታሳዩ፣ ስለ ትምህርት የምትሰጡት ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። ልጁ የት ላይ እንደሚሰናከል በዓይናችሁ ታያላችሁና።

የእናንተው ጉዳይ ደመወዝ ነውና እሱንም ሳልነካ አላልፍም። ከመስከረም 1 ቀን 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ደመወዝ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል ተወሰነ። ወሬው የተሰማው ገንዘቡ ከመድረሱ በፊት ነው። ሠራተኛው ሲሰማ አከራዩም ባለ ሱቁም በዚያው ሰዓት ሰምተዋል። ስለዚህ በየሻይ ቤቱ ሁለት ወገን ተፈጠረ። አንዱ «አለፈልን» ሲል ሌላው «ገና ሳይደርሰን አለቀ» ይላል። ማን ልክ ነው? በጩኸት ሊታወቅ አይችልም። ዶላር በሐምሌ 22 ቀን 2016 በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ74 ብር በላይ ሲገባም ክርክሩ እንዲሁ ነበር፤ ሁሉም ስለ ዶላር ተናገረ፣ የሳሙና ዋጋ ግን የጻፈ ጥቂት ነው። ለዲግሪ ጀማሪው የተጨመረው 4,560 ብር ከቀድሞው ደመወዝ ከመቶ 65 ይበልጣል። የቤት ኪራዩ፣ ጤፉ፣ ዘይቱና ሳሙናው በዚያው ጊዜ ከመቶ ስንት ጨመሩ? ይህን የሚያውቅ በገበያ ቀን ዋጋውን በደብተሩ ጀርባ ሲጽፍ የቆየ ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ኑሮው ከብዶት ከሆነ በስንት ብር እንደ ከበደው ይናገራል፤ ከአከራዩ ጋር ሲነጋገርም በባዶ እጁ አይደለም።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «እኛ ብንቈጥር ማን ይሰማናል? ካቺሲ ከአዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ የምትወጣው መቼ ነው?» እንደምትሉ ይታወቀኛል። ቅሬታው ተገቢ ነው። የገጠር ከተማ ስም ብዙ ጊዜ የሚነሣው ክፉ ነገር የደረሰባት ቀን ነው። ሆኖም ከዚህ የሚከተለው ዝም ማለት አይመስለኝም። ከእናንተ የሚደርሰን ከእኛው የሰማችሁትን መልሳችሁ ከሆነ እኛ ምን አዲስ ነገር እንጽፋለን? ስለ ካይሮ፣ ስለ ለንደንና ስለ ዋሽንግተን የሚነግረን ሞልቷል። ስለ ግንደበረት ሊነግረን የሚችል ግን የግንደበረት ሰው ነው።

በዚህ ረገድ የአፋር ወንድሞቻችን ትልቅ ሥርዓት አላቸው። ዳጉ ይባላል። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ይቀመጡና ወሬ ይቀባበላሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ሰላም፣ ስለ ሞተና ስለ ታመመ። ነጋሪው ያየውን ካየው ጋር፣ የሰማውን ከሰማው ጋር ለይቶ መናገር አለበት። ሐሰት መናገር ከባድ ነውር ነው፤ ምክንያቱም በተሳሳተ ወሬ መንጋውን ደረቅ መሬት ላይ የነዳ ሰው ከብቱን ሊያጣ ይችላል። እኛም በስልካችን የምናስተላልፈውን ሁሉ ከማስተላለፋችን በፊት «አይቻለሁ ወይስ ሰምቻለሁ?» ብለን ብንጠይቅ፣ ግማሹ ወሬ እዚያው በቀረ ነበር። የቀረውም ግማሽ ይታመን ነበር።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ኳሱን እዩ፤ ስለ ዓለም ጉዳይም ተከራከሩ፤ አልከለክላችሁም። ነገር ግን ከሩቁ ወሬ አንዱን በተናገራችሁ ቁጥር ከቅርቡ አንዱን ቈጥራችሁ ጻፉ። የሜዳውን፣ የእርከኑን፣ የመጽሐፉን ወይም የጤፉን፤ የቀናችሁን ምረጡ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ደብተር አውጡና በመጀመሪያው መሥመር ላይ የዛሬን ቀን ጻፉበት። ከዚያ በታች ያያችሁትን።

ደኅና ሰንብቱ።